ቲቸር፣ የት ግንባር ነበሩ?

ልጆች፣ (ልጆች የምላችሁ አርባ ዓመት ያለፋችሁትንም ጭምር ነው፤ ታገሱኝ።) የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና የሚያፈላ ያፍላ፣ ሥራ ላይ ያለ ማታ ያንብበው።

ያለፈው ቅዳሜ አምስት የድሮ ተማሪዎቼ ዓሣ ጋበዙኝ። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር። ሐዋሳ የምትኖሩ ቦታውን ታውቁታላችሁ፤ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንገታቸውን ሰብረው ቆመው ጉርሻህን የሚቆጥሩበት ቦታ ነው። አንዱ ተማሪዬ ለእረፍት ከዴንቨር የመጣ ነው። አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የባጃጅ ጋራዥ አለው፣ አምስተኛው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ወንጌላዊ ነው። አምስቱንም አሥረኛ ክፍል ታሪክ አስተምሬያቸዋለሁ። የባንኩ ልጅ ያኔ በፈተና ጊዜ አንገቱ ይረዝም ነበር፤ አሁን ኦዲተር ሆኗል፤ እግዜር ሥራውን ያውቃል።

ጥብሱ መጥቶ ግማሽ እንደበላን የዴንቨሩ ልጅ ስልኩን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ፤ እርስዎን ነው ያስታወሰችኝ።»

ቪዲዮ ነው። ጸጉሩንና ጢሙን ያስረዘመ አንድ አሜሪካዊ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ ጠመንጃ አጋድሞ ያወራል። ስሙ ኢያን ማኮለም ነው፣ ቻናሉ ፎርጎትን ዌፐንስ፣ «የተረሱ መሣሪያዎች» እንደ ማለት። ሚሊዮኖች ይከታተሉታል። አይጮኽም፣ አይፎክርም፣ ብዙውን ጊዜ አይተኩስም እንኳ። መሣሪያውን ቀስ ብሎ ይፈታዋል፣ ማኅተሙን ያሳያል፣ ማን እንደሠራው፣ የት እንደሠራው፣ ለምን እንደተወደደ ወይም ለምን እንደከሸፈ ይናገራል። በተለይ የፈረንሳይ መሣሪያ ነፍሱ ነው፤ ስለ ፈረንሳይ ጠመንጃዎች ብቻ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ጽፏል።

ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጠመንጃ ግን ጉርሻዬን አፌ ውስጥ አቆመብኝ። ውጅግራ ነው!

እናንተ እኮ ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምስለው ውጅግራ። ባዚል ግራ የሚባል የፈረንሳይ መኮንን ያወጣው፣ የ1874ቱ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሞዴል፣ አፈ ሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ጎራሽ። ፈረንሳዮቹ «ፊዚ ግራ» ይሉታል፣ የግራ ጠመንጃ ማለታቸው ነው፤ የኛ ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ውጅግራ ሆኖ ወጣ። ፈረንሳይ በ1886 ለበል የተባለውን ደጋግሞ ተኳሽ ስታወጣ አሮጌው ግራ ተረፋትና ለነጋዴ ተሸጠ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በግመል ተጭኖ ወደኛ መጣ። ከዚያ አድዋ። ይህን ስነግራችሁ በማስመሪያ እያጎረስኩ አሳያችሁ ነበር፤ አንዳንዴም ወለሉ ላይ ተኝቼ። የዳይሬክተሩን ፊት አልረሳውም።

እንግዲህ ቪዲዮው አለቀና ክርክሩ ጀመረ። ስለ ጠመንጃው እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ሰውየው ነው።

«ይሄ ሰውዬ ግን ምንድነው የነበረው?» አለ ባለጋራዡ። «ወታደር መሆን አለበት። እጁን እየው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል።»

«ሙዚየም ነው የሚሠራው፤ አነጋገሩ የአስተማሪ ነው» አለች ነርሷ።

«ሲአይኤ ነው» አለ የባንኩ ልጅ። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይህን ይላል።

የዴንቨሩ ልጅ ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። አድናቂዎቹ ለጸጉሩና ለጢሙ ሲሉ «የጠመንጃው ኢየሱስ» ብለው ቅጽል እንዳወጡለት ሲነግረን ወንጌላዊው ዓሣውን አስቀመጠ። «ይሄንንስ ባትደግመው» አለ፤ ደግሞም አልተደገመም። የሰውየው ዝና ግን ከጦር ሜዳ የመጣ አይደለም አለ የዴንቨሩ ልጅ፤ ከመጽሐፍ፣ ከሰነድ፣ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ቤት እየሄዱ አገላብጦ ከማየት ነው።

ባለጋራዡ አልተዋጠለትም። «አይሆንም። ያላየ ሰው እንደዚህ አያወራም። ቲቸርን አታዩም እንዴ? ስለ ጠመንጃ ሲያወሩ እኮ ላብ ያልበናል። ለምን? ያዩት ነገር ነዋ!»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ ጠይቀንዎት አናውቅም። የት ግንባር ነበሩ? አፋቤት ነው የሚሉት… እግርዎ ማለቴ ነው» አለችኝ።

የግራ እግሬን ማነከስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሄድ ከኮሪደሩ ጫፍ ትለዩኝ ነበር፤ «ቲቸር መጣ» ብላችሁ ለመቀመጥ ጊዜ ታገኙ ነበር።

ምን መለስኩ? ንግግር አደረግኩ። አስተማሪ ሲጨንቀው ያስተምራል። «ጠመንጃ አዋቂ ሁሉ ተኳሽ አይደለም» ብዬ ጀመርኩ። እንግሊዞች በ1868 (እንደነሱ አቆጣጠር) ወደ መቅደላ ሲመጡ ይዘውት የመጡት ስናድር የሚባለውን ጠመንጃ የፈለሰፈው ጄኮብ ስናይደር አሜሪካዊ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር አልኳቸው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ እያሉ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ከታጁራ በግመል አስጭኖ ያመጣላቸው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ገጣሚ ነበር፤ ያውም አገሩ ውስጥ ስሙ ከትልልቆቹ የሚቆጠር፣ ሃያዎቹን ሳያጋምስ ግጥም ጽፎ የተወ። ሐረር ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት አለ። ከንጉሡ ጋር ሒሳብ ሲተሳሰብ የሞተው ሸሪኩ ዕዳ ተቀናንሶበት ከስሮ ሄደ። ያኔ እንጦጦ ላይ «ይሄ ፈረንጅ ማን ነበር?» ብሎ የጠየቀ ቢኖር ገጣሚ ነው ብሎ የሚመልስለት አልነበረም።

ልጆቹ ተደሰቱ። «እዩዋቸው ቲቸርን!» ተባለ። ሂሳቡ ተከፈለ። ጥያቄውም እዚያው ሐይቁ ዳር ቀረ።

ቤት በባጃጅ ስመለስ ግን አልቀረም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ ያድራል። ስለዚህ እዚሁ ልመልሰው።

ልጆች፣ እኔ የትኛውም ግንባር አልነበርኩም።

ወታደር ነበርኩ፣ እሱ እውነት ነው። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ስቀር፣ በ1978 ከሰፈር ልጆች ጋር ተጠራሁ። ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት። ሥልጠናው ሲያልቅ አንድ ሻምበል «ጽሑፉ የሚያምር ማነው?» ብሎ ጠየቀ። የአባቴ ልጅ ነኝና እጄን አወጣሁ። አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ሰው ነበር፤ ፊደል ያጣመምኩ ዕለት ጣቴን ይገርፈኝ ነበር። ያ ግርፋት ነው ያተረፈኝ። መሣሪያ ግምጃ ቤት ጸሐፊ አደረጉኝ።

ሥራዬ ይህ ነበር፤ ሞዴል 19 ገቢ፣ ሞዴል 22 ወጪ። የመሣሪያው ዓይነት፣ የመሣሪያው ቁጥር፣ የተረካቢ ስም፣ ፊርማ። ግምጃ ቤቱ ጀርባ ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀመ አሮጌ መሣሪያ በሳጥንም በቁልልም ነበረ፤ ቆጠራ ሲመጣ ያን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ ቁጥሩን መፈለግ የኔ ነበር። እናንተ ያደነቃችሁትን ሁሉ እዚያ ነው የተማርኩት። ቤልጅግ ማለት ቤልጅየም ውስጥ የተሠራ ማውዘር መሆኑን ከብረቱ ላይ አንብቤ ነው ያወቅኩት። ኤም ዋኑና ካርባይኑ የአሜሪካ፤ ጦራችን ኮሪያ ላይ የተዋጋበት ዓይነት። ምንሽር የሚለው ስም ማንሊከር ከሚባል የኦስትሪያ መሣሪያ ሠሪ የመጣ መሆኑን ኋላ ነው የደረስኩበት። ውጅግራውም ነበረ፤ የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ስም በቅጥልጥል ጽሕፈት ተቀርጾበት። ጽሕፈቱ እንዴት እንደሚያምር! አባቴ ቢያየው ጣት ባልገረፈ።

አንድ ቀን አንድ የጣልያን ቤሬታ ሽጉጥ አገኘሁና ሁለት ዓመተ ምሕረት ተጽፎበት ግራ ገባኝ። አንዱ 1937 ይላል፣ ጎኑ ደግሞ በሮማውያን ቁጥር አሥራ አምስት። ፋሺስቶቹ ከ1922 ጀምሮ የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር ለካ። ሁለት አቆጣጠር የሚያስቸግረን እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር!

ከሁሉ ግን የማልረሳው እንጨቶቹን ነው። ሰደፋቸው ላይ መስቀል የተቀረጸባቸው ነበሩ። የተሰነጠቀውን በጥሬ ቆዳ ጥብቅ አድርገው ሰፍተው የጠገኑት ነበረ። በቢላ ጫፍ ስም የተጻፈባቸውም ነበሩ፤ የሰው ስም፣ አንዳንዴ ከነአባቱ። እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ስሙን አልጽፍም። ፎርሙ ላይ ለእሱ የሚሆን ዓምድ የለም። አንዴ «አስተያየት» የሚለው ዓምድ ውስጥ አንድ ስም ጻፍኩና ሻምበሉ በቀይ ሰረዘብኝ፤ «መሣሪያ ነው የምንቆጥረው» አለኝ። ልክ ነበር።

(እነዚያ አሮጌ ጠመንጃዎች የት እንደገቡ ለምትጠይቁ፤ ባለፉት ዓመታት የአሜሪካ አስመጪዎች ከኢትዮጵያ የወጣ አሮጌ መሣሪያ እያስገቡ ለሰብሳቢ ሲሸጡ ቆይተዋል። የዴንቨሩ ልጅ እዚያ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰደፉ ላይ በአማርኛ የተጻፈበት ጠመንጃ አይቻለሁ አለኝ። «ምን ይላል?» ስለው «ወልደ… ይላል፤ ቀሪው ተፍቋል» አለኝ። ዓሣው ያኔ ነው የቀዘቀዘብኝ።)

አሁን ወደ እግሬ። ጥር 1980 ነው። ከመኪና ላይ የጠመንጃ ሳጥን ስናወርድ የፊቱ ልጅ ያዝኩ አለ፣ አልያዘም። ሳጥኑ ግራ እግሬ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ ጠማማ ሆኖ ገጠመ። ጥይት የለም። ፈንጂ የለም። እንጨትና የክብደት ሕግ ብቻ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ሳቅ ብላችሁ ታልፉት ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር።

ከኔ ጋር የተጠራ አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥነው። ስሙን አልጽፍም፤ እህቶቹ በሕይወት አሉ፣ አንዷ ይህን ልታነብ ትችላለች። ሻምበሉ ጽሑፉ የሚያምር ሲል እሱም አጠገቤ ነበር። ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ነው፤ እጁን አላወጣም። የእሱ ክፍል ወደ ሰሜን ሲነሣ መሣሪያ የወሰደው ከኛ ግምጃ ቤት ነው። ሰልፍ ይዞ ደረሰ። ክላሹን ከመደርደሪያ አንሥቼ፣ ቁጥሩን አንብቤ፣ ጻፍኩ። መዝገቡን አዞርኩለትና ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ መዝገብህን አበላሸሁብህ» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላ ሰው ከኋላው ስለነበረ ዞር በል አልኩት። በቃ፣ ይኸው ነው የተነጋገርነው።

መጋቢት 1980 ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ሲፈርስ እግሬ በጀሶ ታስሮ ተኝቼ ነበር። ወሬው በሹፌሮች በኩል ነው የደረሰን፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ በዝምታ። ድኜ ወደ ሥራዬ ስመለስ ሒሳብ መዝጋት ነበረብኝ። ያልተመለሱ መሣሪያዎችን እየለየሁ «ተመላሽ» በሚለው ዓምድ ውስጥ «የለም» እያልኩ ጻፍኩ። በሚያምር ጽሑፌ። የለም፣ የለም፣ የለም። ከመስመሩ የወጣችው ፊርማ ጋ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ ሻምበሉ «ምን ሆንክ?» አለኝ። «ቀለም አለቀብኝ» አልኩት።

አገልግሎቴን ጨርሼ ወጣሁ፣ ኮሌጅ ገባሁ፣ ታሪክ ተማርኩ፣ ወደ ሐዋሳ ተመድቤ መጣሁ። ሃያ ሰባት ዓመት አስተማርኩ።

አንድም ቀን «ዘምቻለሁ» ብዬ አላውቅም። ይህን ለራሴ መከላከያ አድርጌ ኖሬያለሁ። ግን ልጆች፣ እኔ እኮ አስተማሪ ነኝ፤ ዝምታ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ይመስለኛል፣ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እግርዎን ጦርነት ላይ ነው?» አለኝ። ጠመኔውን አስቀመጥኩ። በመስኮት ወደ ታቦር ተራራ አየሁ። «እሱን ተዉት» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የረበሸኝ ክፍል የለም። ሌላ አስተማሪ አርጩሜ ይዞ የማያገኘውን ጸጥታ እኔ በአንዲት «እሱን ተዉት» አገኘሁት። ጣፈጠኝ፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ የየዓመቱ ተማሪ ለቀጣዩ ያስተላልፈው ጀመር፤ መጀመሪያ ቆሰለ ተባለ፣ ቆይቶ ምፅዋ ሆነ፣ በመጨረሻ አፋቤት። አፋቤት ሲባል የሰማሁ ዕለት ማረም ነበረብኝ። እሱ የሞተበትን ቦታ ለእኔ ሰጣችሁኝ፤ እኔም ተቀበልኩ።

እውነቱን የነገርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህች ከተማ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት ተሰጥቷቸው እንደሰፈሩባት ታውቃላችሁ፤ አስተምሬያችኋለሁ። ሲዳማው የሚያግድበት መሬት እንደነበረም አብሬ ነግሬያችኋለሁ፤ በየትምህርት ቤቱ ያ ክፍል ቶሎ ይታለፋል። ከነዚያ ወታደሮች አንዱ፣ ኮሪያ የዘመቱ አንድ ሽማግሌ አሥር አለቃ፣ ጎረቤቴ ነበሩ። ሰፈር እንደገባሁ ሰሞን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ስሄድ አዩኝና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጥይት እንዲህ አያነክስም። ምን ወደቀብህ?»

«ሳጥን።»

«የምን ሳጥን?»

«የጠመንጃ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ አስገቡኝና ቡና አስፈሉልኝ። ስለ ጓደኛዬ የነገርኳቸው ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነው። አልሳቁም። ስለ ኮሪያ ምን እንዳዩ ብጠይቃቸው «ብርድ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያን ያህል ያዩት ሰውዬ ስለ መሣሪያቸው አንድም ነገር አያወሩም ነበር። የኤም ዋኑን ስምንት ጥይት እንዴት እንደሚጎርስ የነገርኳቸው እኔ ነኝ! «አዎ፣ እንደዚያ ነበር መሰለኝ» አሉኝ።

ስለዚህ ባለጋራዡ ልጄ፣ ያላየ ሰው እንደዚያ አያወራም ላልከው፣ እኔ ያየሁትን ነው የነገርኩህ፤ ያየሁት ግን መዝገብ ነው። ያ ባለጢሙ ሰውዬ ቢያንስ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ከመጽሐፍና ከብረቱ ላይ ያነበበውን ነው የሚነግራችሁ፤ እግሩን እያነከሰ በመስኮት ወደ ተራራ አያይም። በዚህ ይበልጠኛል።

የአድዋው ትምህርት ግን እንዳለ ነው፤ እሱን አታጥፉብኝ። ጣልያን አዲሱ ካርካኖ እያለው ለአድዋ ወታደሮቹ አሮጌውን ቬተርሊ ማስታጠቁ፣ የውጅግራው አጎራረስ፣ ሁሉም ልክ ነው። ፈተና ላይ የመለሳችሁት ነጥብ አይቀነስም። የሚታረመው ስለ እኔ የሰማችሁት ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባለጋራዡ ቅዳሜ ዕለት ሲያወራ ልጁን «የኔ ቲቸር አፋቤት የቆሰለ ጀግና ነው» እያለ እንደሚያሳድገው ነገረኝ። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። ዛሬ ማታ ሳጥን ነው በለው። ካላመነህ አምጣው፣ እኔ እነግረዋለሁ፤ የውጅግራውንም ሥዕል እስልለታለሁ።

የጓደኛዬ እህት ይህን ካነበብሽ፣ ስልኬ የድሮው ነው። መዝገቡ ላይ የፈረመበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ ማክሰኞ ነበር። ምን እንደለበሰ፣ ምን እንዳለኝ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ደውይልኝ፤ ወይም እኔ ልምጣ።